ሉኪያ ማይኳን ሳትዘጋ

ስሚኝማ ውዴ፣ አረፍ በይና ስሚኝ። ይህን ለሌላ ሰው ብነግረው «ማቴላ ደግሞ ከራሷ ጨመረችበት» ነው የሚሉኝ። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ። እኔ ወሬ አበዛለሁ እንጂ አልዋሽም። ደግሞ ስለ እህቴ ስለ ሉኪያ ለማውራት ውሸት ምን ያደርጋል? እውነቱ ራሱ ይተርፋል።

ቀዳም ስዑር ጠዋት ነው። ደሴታችን ኮርፉ እንዴት እንደምትሆን ታውቂያለሽ፤ በየሰገነቱ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፣ በቀዩ ጨርቅ ላይ እንስራው ተደርድሯል፣ ሰዉ ደግሞ ከታች አንገቱን አንጋጦ አምስት ሰዓትን ይጠብቃል። ደወሉ ሲደወል ከተማው በሙሉ እንስራውን ከላይ ይለቀዋል። ክፉውን መስበር፣ ትንሣኤን በጩኸት መቀበል ነው። እኛ ግን ያን ቀን እንስራ የምንጥልበት ጊዜ አልነበረንም፤ መርከብ ገብቶብን ነበር። የዓመቱ የመጀመሪያ የሽርሽር መርከብ፣ ልክ የአምስት ፎቅ ሕንፃ ተነስቶ ባሕር ላይ የተኛ ይመስል ወደቡን ሞልቶት።

ሉኪያ አስጎብኚ ናት፤ ባለ ፈቃድ፣ ባለ ሦስት ቋንቋ፣ ባለ አፍ። እኔ አምና ትምህርቴን ከጨረስኩ ወዲህ ጅራቷ ነኝ። ጅራት ማለት ከቡድኑ ኋላ የሚሄድ ሰው ነው፤ ሥራዬ አንድም ሽማግሌ ማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ውስጥ እንዳይቀር መጠበቅ ነው። ሉኪያ ከፊት ሆና በአንገቷ በተንጠለጠለ ማይክ ታወራለች፣ እኛ ሁላችን ደግሞ በጆሯችን በሰካናት ማዳመጫ እንሰማታለን። መርከቡም ከራሱ ሰዎች አንድ አጃቢ ይልካል። ብዙ ጊዜ የሚልከው ቀን ሥራ የሌላቸውን፣ ማታ ማታ የሚያዘፍኑትን ሙዚቀኞች ነው።

እናልሽ፣ ጀርመን ሽማግሌዎቻችን በመሰላሉ እየተንጠባጠቡ ሲወርዱ፣ ከኋላቸው ቁጥር የተጻፈባትን ሰሌዳ ይዞ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ኢያሶን!

ኢያሶንን ታስታውሺዋለሽ፤ የኛው ከተማ ልጅ፣ ያ ክላርኔት ነፊ። አምና በጋውን ሙሉ ያቺ መርከብ በመጣች ቁጥር እሱና ሉኪያ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ሰርቀው በምሽጉ ሥር ዝንጅብል ቢራ ይጠጡ ነበር። በመጨረሻው ቀን «ክረምቱን የት ነህ?» አለችው። «መርከቧ በሄደችበት» አላት። እሱ «አትሂድ» እንድትለው ነበር የጠበቀው። እሷ ደግሞ «አልፈልግሽም» ያላት መሰላት። ከዚያ በኋላ ከየወደቡ ደብዳቤ ሲጽፍላት፣ እሷ የምሽጋችን ፎቶ ባለበት ፖስትካርድ ላይ «ደህና ነኝ» ብላ ብቻ ትመልስለት ነበር። ደህናም አልነበረች! ማታ ማታ ግድግዳውን ስታናግር የምሰማት እኔ ነኝ።

«ደህና አደርሽ ሉኪያ» አላት፣ ሰሌዳዋን ደረቱ ላይ ይዞ።

ሉኪያ አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ ፈታችው፣ መልሳ አሰረችው። «ደህና አደሩ፣ አቶ አጃቢ» አለችው።

አደሩ! በአንቱታ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

«አንቱ ሆንኩልሽ እንዴ?»

«የመርከብ ሰው አይደሉ? ለእንግዳ አክብሮት አለን።»

«ሉኪያ፣ እኔ እኮ እዚያ ከዳቦ ቤቱ በላይ ነው የተወለድኩት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ብዙ ስለጠፉ ረስቼው ነው» አለችና ዘወር አለች። ዘወር ስትል ግን ፊቷን እኔ አየሁት። ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ደግሞም ሳቅ ይሁን ልቅሶ እሷም ራሷ ገና አልወሰነችም።

ጉዟችንን ጀመርን። ከፊት እሷ፣ ከመሃል ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላ እኔና ኢያሶን። ትንሽ እንደሄድን ወደ እኔ ጠጋ አለና፣ «እህትሽ ተቆጥታለች?» አለኝ።

«ኧረ ምን በወጣት! አንቱ የምትለው በጣም ደስ ሲላት ነው።»

አልሳቀም። «ማቴላ፣ ዛሬ ማታ ልፈርም ነው።»

«ምኑን?»

«ይህ ውሌ ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ስንደርስ ያልቃል። አዲሱ ውል ለሌላ መርከብ ነው፤ በአውስትራሊያ በኩል የሚሄድ፣ ሁለት ዓመት። ዛሬ ማታ ከዚህ ከመነሳታችን በፊት ካልፈረምኩ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል።»

«እና ትፈርማለህ?»

«አንድ ቃል ካለችኝ አልፈርምም። አንድ ቃል ብቻ። ግን አየሻት፣ አቶ አጃቢ ነው የምትለኝ።»

«አንተስ ለምን አትነግራትም? አፍህን ለክላርኔት ብቻ ነው እንዴ የምትከፍተው?»

«አባትሽስ?» አለኝ። «"ሰማያዊ የቤቴን ደፍ አይረግጥም" ብለዋል። በሰው ሁሉ ፊት።»

አባባን ታውቂዋለሽ። ከወጣትነቱ ጀምሮ ለቀዮቹ ማርሽ ባንድ ያንን ሆድ ላይ የሚጠመጠም ትልቅ ጡሩንባ ይነፋል። ኢያሶን ደግሞ ከአያቱ ጀምሮ ሰማያዊ ነው። በሌላ አገር ሰው በሃይማኖት ይጣላል፣ በመሬት ይጣላል፤ እኛ በኮርፉ በባንድ ነው የምንጣላው። ቀዩ ሲሞት እንኳ ሰማያዊው ለቀብሩ ይመጣና «ሙሾውን አፍጥነውታል» ብሎ ይሄዳል።

ይህን ስናወራ ሉኪያ በጆሯችን ውስጥ በጀርመንኛ እያስጎበኘች ነበር። «ይህን ግንብ ያቆሙት ቬኒሶች ናቸው» አለች። «እዚህ አራት መቶ ዓመት ቆዩ። አያችሁ፣ መቆየት የፈለገ ሰው ይቆያል።»

ኢያሶን ቀና አለ። «ይሄ ለእኔ ነው?»

«ለቬኒሶች ነው» አልኩት።

«በስተቀኛችሁ ያለው ደግሞ አሮጌው ወደብ ነው። ብዙ መርከብ ገብቶበታል፤ ሁሉም "እመለሳለሁ" ብሎ ነው የሄደው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ለአንተ ነው።»

ከፊታችን የምትሄድ አንዲት ነጭ ፀጉር ሴትዮ፣ ወይዘሮ ሄድቪግ የሚሏት፣ ወደ እኔ ዞራ «አስጎብኚያችን ታሪኩን ከልቧ ነው የምትናገረው» አለችኝ። ኢያሶን አንገቱን ደፋ። ጆሮው እንደ ፋሲካ እንቁላል ቀልቶ ነበር። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ጭንቅላት ለጭንቅላት ባጋጭልሽ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለ ቅስቱ ሊስቶን ጎዳና ስንደርስ ሰው እንደ አንበጣ ሰፍሮበታል። ፖሊሶች መንገዱን በገመድ ዘግተውታል፤ እንስራ ሲወርድ ማንም መሃል ላይ መቆም አይችልም። ሉኪያ ቡድኑን በአንደኛው በኩል ከቅስቱ ሥር አስገብታ «ከዚህ እንዳትንቀሳቀሱ፣ አሁን መጣሁ» አለችና ገመዱን ሾልካ ወደ ማዶ ተሻገረች። ማዶ ካለችው ጠባብ መንገድ ላይ ቀዮቹ ለሰልፍ ተሰብስበው ነበር። የአባባን የላባ ቆብ ከሩቅ አየሁት። ሉኪያ ጥግ ዞረችና ከዓይናችን ጠፋች።

ከዓይናችን ጠፋች እንጂ ከጆሯችን አልጠፋችም። ገባሽ? ማይኳን አልዘጋችውም!

መጀመሪያ የአባባ ድምፅ መጣ። «ያ ሰማያዊ ክላርኔት ዛሬም ከኋላሽ ነው?»

«አባባ፣ አሁን አይደለም።»

«አሁን ካልሆነ መቼ ነው? ዓይንሽ ለምን አበጠ?»

«የአበባ ብናኝ ነው።»

«የአበባ ብናኝ!» አለ አባባ። «የአበባ ብናኝ ዘንድሮ የመርከብ ልብስ ለብሶ ነው የመጣው።»

እኔ ኢያሶንን አየሁት። እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሠላሳዎቹ ጀርመኖች ደግሞ ማዳመጫቸውን እየነካኩ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ግሪክኛ የሚያውቅ አንድም የለም።

ከዚያ ሉኪያ ለቅሶዋን ለቀቀችው። «እወደዋለሁ አባባ። ይኸው ነገርኩህ፤ የፈለግከውን በለኝ። ክረምቱን ሙሉ ከየባሕሩ ሲጽፍልኝ፣ እኔ ደህና ሳልሆን ደህና ነኝ እያልኩ መለስኩለት። ከመርከብ ሠላሳ ሰው ይወርዳል፣ እኔ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚታየኝ። "እዚህ ቅር" ብዬ ብለምነው ባሕሩን እቀማዋለሁ። ዝም ብለው ደግሞ ባሕሩ እሱን ይቀማኛል። ምን ላድርግ? ዛሬ ጠዋት በአንቱታ ሰላም አልኩት አባባ! አንቱ አልኩት!»

ኢያሶን ማዳመጫዋን በሁለት ጣቱ ወደ ጆሮው ገፋት፣ እንዳትወድቅበት የፈራ ይመስል። «እኔም» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም ሉኪያ።»

«ኢያሶንዬ» አልኩት፣ «ይሄ ነገር ይሰማል እንጂ አያወራም።»

ወይዘሮ ሄድቪግ እጅጌዬን ሳበችኝ። «ልጄ፣ ምን እያለች ነው?»

ምን ልበላት? በትምህርት ቤት ጀርመንኛዬ፣ «ስለ ቱርኮች ከበባ ነው» አልኳት።

«ምስኪን! ስለ ከበባ እንዲህ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም። ከተማዋ ዳነች?»

«ገና አልታወቀም» አልኳት።

አባባ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጠይቆሻል?»

«እንዴት ይጠይቀኛል? አንተን ይፈራል። ሰማያዊ የቤቴን ደፍ አይረግጥም ብለህ የለም?»

«እኔ? መቼ?»

«በቅዱስ ስጲሪዶን በዓል፣ አደባባዩ ላይ!»

«እሱማ ለአጎቱ ነው!» ብሎ ጮኸ፣ ማዳመጫው ጆሯችንን እስኪበሳ። «ያ ከበሮ መቺ አጎቱ በእኛ ሙሾ መሃል ከበሮውን ደነቀረብንና ተናድጄ ነው! ለልጁ መች አልኩ? ልጁማ...» እዚህ ላይ ድምፁን ቀነሰ፤ ቀዮቹ እንዳይሰሙት ነው። «ልጁማ ጥሩ ትንፋሽ አለው። ሰማያዊ ቢሆንም ትንፋሹ ጥሩ ነው። ግን ስሚኝ ልጄ። አንቺን የሚፈልግ ሰው ከፊቴ መጥቶ ይቁምና ይናገር። ከባሕር ላይ ሆኖ የሚፈራኝን ሰው ምን አደርገዋለሁ?»

ኢያሶን ሰሌዳዋን እጄ ላይ አስቀመጠ። «ያዢልኝ።»

«የት ልትሄድ? ገመዱ...»

ደወሉ ተደወለ።

ውዴ፣ ያንን ድምፅ ማን ይነግርሻል። ከሁሉም መስኮት፣ ከሁሉም ሰገነት በአንድ ጊዜ እንስራው ወረደ። ትንንሹ ፍንጥር ይላል፣ በውሃ የተሞላው ትልቁ ደግሞ እንደ መድፍ ይጮኻል፤ ሰዉ ያጨበጭባል፣ ሕፃናት ይጮኻሉ፣ ጀርመኖቹ «ኦ!» ይላሉ። በማዳመጫው ውስጥ ከጩኸት በስተቀር ምንም የለም። ኢያሶን ገመዱን ጨብጦ ቆሟል። በሕይወቴ እንደዚያ የቸኮለ ሰው እንደዚያ ዝም ብሎ ሲቆም አላየሁም። ከፊቱ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ የእንስራ ዝናብ የሚወርድበት መንገድ።

ዝናቡ አባራ። ያለቀ መስሎት ኢያሶን ገመዱን ዘለለ።

«አንተ! ገና ነው! ተመለስ!» ብሎ ፖሊሱ ጮኸ።

ገና ነበር ለካ። ወይዘሮዋን፣ ሲዮራ ኤፍታሊያን ታውቂያት የለ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ሁሌም ከሰው ሁሉ በኋላ የምትጥለውን? ያን በርሜል የሚያህል እንስራዋን ልክ እሱ መሃል ላይ ሲደርስ ለቀቀችው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው እንስራው ከእግሩ ፊት ተበትኗል፣ እሱ ደግሞ ከቆቡ እስከ ጫማው በውሃ ርሷል። ሕዝቡ በሳቅና በእልልታ አበደ። «በረከቱ በሱ ላይ ወረደ!» ብለው ጮኹ። ሲዮራ ኤፍታሊያ ከላይ አማተበችና «ቆሜ ስጠብቀው የነበረው ሰው መጣ መሰለኝ» አለች።

ኢያሶን መቆም የለም፣ በስብርባሪው ላይ እየተንሸራተተ ጥጉን ዞረ። እኔም ሰሌዳዋን ከፍ አድርጌ «ተከተሉኝ!» አልኩ። ሕጉ ሌላ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ወይዘሮ ሄድቪግ ቀድማኝ ነበር፤ ቦርሳዋን እንደ ጋሻ ጭንቅላቷ ላይ ይዛ።

ስንደርስ ቀዮቹ ማርሹን ጀምረው መንቀሳቀስ ጀምረዋል። አባባ ጉንጩ እንደ ፊኛ ተነፍቶ፣ ያ ትልቅ ጡሩንባ ሆዱ ላይ፣ ዓይኑ ወደፊት። በግራው ሉኪያ በእግሯ ትከተለዋለች፣ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች። በቀኙ ኢያሶን ውሃ እያንጠባጠበ ደረሰ።

«ሲዮር አርሴኒስ!» ብሎ አባባን በክብር በስሙ ጠራው።

አባባ ይነፋል። ምን ያድርግ? ቀዮች በሰልፍ መሃል አይቆሙም፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ አይቆሙም።

«ሲዮር አርሴኒስ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ! ከፊትዎ መጥቼ ልቁም ብዬ ነበር፣ እርስዎ ግን እየሄዱ ነው፤ እየሄድኩ ልናገር!»

ከኋላ ትሮምቦን የሚነፋው ፒፒስ አፉን ከትሮምቦኑ አንስቶ «ጮክ በል፣ ከበሮው አላሰማንም!» አለው።

ሌላው ደግሞ «ሰማያዊው ረጥቦ መጥቷል! ቀለሙ እንዳይለቅብን!»

«ዛሬ ማታ ልፈርም ነበር» አለ ኢያሶን፣ እየተደናቀፈ። «ሁለት ዓመት ልሄድ። አልፈርምም! ባሕሩን ማንም አይቀማኝም ሉኪያ፣ ባሕሩ ከደጃችን ነው። አንቺ ከሌለሽ ግን ወደብ የለኝም። "ቅር" በይኝ። አንድ ጊዜ ብቻ "ቅር" በይኝ!»

ሉኪያ ቆመች። ከዚያ ሰልፉ ጥሏት እንዳይሄድ መልሳ ሮጠች። «ይህን... ባሕሩን እቀማዋለሁ ያልኩትን... ከየት ሰማህ?»

ያን ጊዜ ከኋላዋ ጭብጨባ ሰማች። ሠላሳ ጀርመኖች። ወይዘሮ ሄድቪግ በመሃረብ አፍንጫዋን እየጠረገች ማዳመጫዋን ወደ ላይ አነሳችላት። ሉኪያ አንገቷ ላይ ወዳለው ማይክ ቀስ ብላ ዓይኗን አወረደች፤ ቀዩ መብራት ይበራል።

«ማቴላ! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአበባ ብናኙ ጀምሮ» አልኳት።

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በጣቶቿ መካከል ግን እየሳቀች ነበር። እጇን ስታነሳ «ቅር» አለችው። ድምፅዋ በሁላችንም ጆሮ ገባ፣ የኢያሶን ግን ማዳመጫው በውሃው ተበላሽቶ ነበርና እሱ የሰማው ከአፏ ነው። «ቅር ኢያሶን። ረጥበሃል።»

ሰምተሻል? ረጥበሃል! አንቱ የለ፣ አቶ አጃቢ የለ።

ሁሉም ሰው አሁን አባባን ያያል። አባባ ይነፋል። ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። ጉንጩ ቀላ። ከዚያ፣ በቅዱስ ስጲሪዶን እምልልሻለሁ፣ በዕድሜዬ ሙሉ አይቼው የማላውቀውን አደረገ። በማርሹ መሃል አፉን ከጡሩንባው አነሳ። ፒፒስ ደንግጦ ኖታ ሳተ።

«ግራ እግርህን!» ብሎ ጮኸ አባባ። «ግራ! ከእኔ ጎን የሚሄድ ሰው እርምጃ ይጠብቅ!»

ብሎ አፉን መልሶ ሰካ። ጡሩንባው ግን ለጥቂት ጊዜ ድምፁ አልጠራም፤ ትንፋሹ ተንቀጥቅጦ ነበር። ኢያሶን እግሩን አስተካከለ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ሰማያዊው ከቀዮቹ ጋር፣ ከአባባ በዚህ በኩል እሱ፣ በዚያ በኩል እሷ። እንዲያ ሆነው አደባባዩን ሲዞሩ ከተማው ሁሉ አያቸው። እኔም ሰሌዳዬን እንደ ባንዲራ ይዤ ከኋላ ሄድኩ፤ ልቤ ከደረቴ ወጥቶ ከበሮውን ሊመታ ደርሶ ነበር።

ወይዘሮ ሄድቪግ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ከተማዋ ዳነች ማለት ነው» አለችኝ። ሞኝ መስላኝ ነበር፣ ለካ ሁሉም ገብቷት ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መርከቧ ተነሳች። ኢያሶን አልፈረመም። እስከ ትሪየስቴ የቀረውን ሥራ ግን መጨረስ አለበትና በመርከቧ ሄደ፤ ለዳግማ ትንሣኤ በጀልባ ይመጣል፣ ቀጥታ ወደ ቤታችን። አባባ «ሲገባ ጫማውን ይጥረግ» ብሏል። ከእሱ አፍ ይህ ምርቃት ነው። ሉኪያ ከወደቡ ጫፍ ቆማ፣ መርከቧ እንደ ጥፍር እስክታንስ በሻርፗ አውለበለበች፤ ደግሞም እየዘፈነች፣ ያውም የሰማያዊዎቹን ማርሽ!

እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ከዲያማንቲና ጋር ግንቡ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጎን ለጎን የተማርኳት ዲያማንቲና፣ ሁሉን ነገር እንደዚህ እንደ አንቺ ያወራሁላት። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ መርከቧ ስትጠፋ እንባዬ ተዘረገፈ። «ጠዋት ሊሄድብን ሲል እንኳ አላለቀስኩም» አልኳት፣ «አሁን ተመልሶ እንደሚመጣ እያወቅኩ ምን ያስለቅሰኛል? ጅል ነኝ እንዴ?»

ዲያማንቲና መሃረብ ፈለገች፣ አጣች፣ የራሷን እጅጌ ሰጠችኝ። ያለችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ፦

«ሰው እየፈራ አያለቅስም፤ የሚያለቅሰው ፍርሃቱ ሲያልፍለት ነው። አልቅሺ ማቴላ፣ እንባ ጾም አያስገድፍም።»